ፓምፑን ከመቀየራችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱት

ዓባይ በረሃ ላይ መኪና ቆሞበት የማያውቅ ሰው ስለ ነዳጅ ብዙ አያስብም። እኔም አላስብም ነበር። ግንቦት ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ሽቅብ ወደ ደጀን ስጀምር፣ ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ አሮጊቷን ዲኤክስ ኮሮላዬን ትን ያላት ይመስል ሁለት ሦስቴ አነቅ አነቅ አደረጋትና ጸጥ አለች። ከቀኑ ሰባት ተኩል። የአስፋልቱ ሙቀት በጫማ ሶል ውስጥ ያልፋል። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ቤንዚኑ ከግማሽ በላይ ነው፤ ግን አትነሳም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስሞክራት ምንም እንዳልሆነች ተነሳች። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ደግማ ቆመች። እንዲህ እየቆምን እየሄድን ደጀን ስንደርስ መሽቷል።

በነጋታው ያገኘሁት መካኒክ ኮፈኑን ገልጦ አንዴ አየና «ፓምፑ ሞቷል» አለኝ። ምን አውቃለሁ፣ ከፈልኩ። ስንት እንደከፈልኩ እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴ ታነበዋለች። አሮጌውን ፓምፕ በፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝና ተሰነባበትን። ሉማሜን ሳላልፍ ያቺው መኪና፣ ያው በሽታ።

ከኋላዬ ይመጣ የነበረ የአይሱዙ ሾፌር አቁሞ ወረደ። ሸምገል ያለ፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ሰው ነው። «ወንድምዓለም፣ እስኪ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈተው» አለኝ። «ኧረ አያ፣ ነዳጅ አለው» አልኩት። «መቼ የለውም አልኩህ? ክፈተው።» ከፈትኩት። ፍስስስ ብሎ አየር ወደ ውስጥ ማገ፤ ውሃ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው። ቁልፉን ሳዞረው በአንዴ ተነሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ነዳጅ በጠጣ ቁጥር ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ ማለቴ ነው) ውስጥ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ያን ቦታ አየር ካልሞላው ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። እንደኔዋ ባሉ አሮጌ መኪኖች አየሩ የሚገባው ክዳኑ ላይ ባለች መርፌ በምታክል ቀዳዳ ነው። የእኔዋ ቀዳዳ በአቧራና በቅባት ተደፍናለች። ቆሜ ስጠብቅ አየሩ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ትነሳለች፤ ስሄድ ደግሞ ትታፈናለች። ሰውየው ከመንገድ ዳር ካለ ግራር ላይ እሾህ ቀጠፈና ቀዳዳዋን ጠረገልኝ። አለቀ። የአዲስ ፓምፕ ዋጋ የከፈልኩበት በሽታ በአንዲት እሾህ ዳነ።

ከዚያ ወዲህ ደንቤ አንድ ነው። መኪናው በነዳጅ በኩል ሲያስቸግር ከርካሹ እጀምራለሁ። ክዳኑ፣ ከዚያ ነዳጁ ራሱ፣ ከዚያ ፊልትሮው፣ ከዚያ ጎማ ቱቦዎቹና ፋሸታዎቹ (የቱቦ ማሰሪያዎቹ)። ፓምፕና ኢንጀክተር (ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው) መጨረሻ ላይ ናቸው። ብዙ መካኒክ ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ክፋት ላይሆን ይችላል፣ ዕቃ መቀየር ከመመርመር ይቀላል።

የምትቀዱትን እዩት

ነዳጃችን ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ቦቴው ማደያ ላይ መሬት ውስጥ ወደተቀበረ ታንክ ይገለብጠዋል። እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከዋናው አስፋልት ወጣ ስትሉ፣ ወይ ማደያው «የለም» ያለ ቀን፣ ነገሩ ወደ ጀሪካን ይዞራል፣ ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ፣ ከሃይላንድ ወደ እናንተ። እጅ በተቀያየረ ቁጥር አቧራ ይገባል፣ ውሃ ይገባል፣ ባለ ጀሪካኑ ሰይጣን ያሳሳተው ከሆነም ላምባ ይገባል።

ማደያ ባለበት ከማደያ ቅዱ፣ ሰልፉ ቢረዝምም። የጀሪካኑ ንግድ ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ ሞተር መብላቱ ሌላ። ማደያው ላይ ደግሞ ቦቴ ሲያራግፍ ካያችሁ ባይቸኩሉ ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። ከላይ የሚወርደው ነዳጅ ታንኩ ሥር የተኛውን ዝቃጭና ውሃ ያነሳሳዋል፤ ጥቂት ሰዓት ሲቆይ ይረጋል። ክረምት ላይ ይህን አጥብቃችሁ ያዙት፣ የጎጃም ሐምሌ ውሃ የማይገባበት ጉድጓድ የለም።

ከጀሪካን መቅዳት ግድ ሲሆንባችሁ ቢያንስ እዩት። እኔ አንዲት ንጹሕ የብርጭቆ ጠርሙስ መኪና ውስጥ አለችኝ። እስከ አንገቷ እቀዳባታለሁ፣ ጥላ ውስጥ አስር ደቂቃ አስቀምጣታለሁ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አንስቼ ሥሯን አያለሁ። ነዳጅ ከውሃ ይቀላል፤ ውሃ ካለ ወርዶ ሥሯ ላይ ይተኛል፣ ጠርሙሷን ዘንበል ስታደርጓት እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይሄዳል። አንዴ ያያት ሰው አይረሳትም። ነዳጁ ድፍርስ ሆኖ አልጠራም ካለም ያው ነው፣ አትቅዱት።

ላምባውን ደግሞ ወረቀት ያጋልጠዋል። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቤንዚን አድርጉና እርግብ እርግብ አድርጉት። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃ ውስጥ በንኖ ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል። ላምባ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት እንደ ወጥ ጠብታ ቅባታም ክብ ትቶ ይቀራል። ይህ ለቤንዚን ብቻ ነው፤ ናፍጣ ራሱ ቅባት ስለሆነ ሁልጊዜም ምልክት ይተዋል።

ብዙ ሰው በነጠላ አጥልሎ ይቀዳና ተገላገልኩ ይላል። ነጠላ ገለባውንና አሸዋውን ያስቀራል፣ ውሃውን ግን አያስቀርም። ስለዚህ አጥልሉ፣ ጠርሙሷንም አትርሱ፣ የጀሪካኑን የመጨረሻ ሁለት ጣት ደግሞ አትገልብጡት፣ ቆሻሻው ያለው እዚያ ነው። ባዶ ጀሪካን ስታስቀዱም መሬት ላይ አስቀምጡት እንጂ መኪናው ውስጥ እንዳለ አታስሞሉት። መኪናው ውስጥ ሲሞላ የምትፈጠረው ትንሿ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቤንዚን ትነት ትበቃለች።

ቤንዚን የሚጠጡት

ቪትዝና መሰሎቿን የያዛችሁ፣ ፓምፓችሁ ታንኩ ውስጥ ነው ያለው፤ የሚቀዘቅዘውም በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። ቀይ መብራት እስኪበራ መንዳት የለመደ ሰው ፓምፑን በራሱ ሙቀት እየቀቀለው ነው። ታንኩ ሥር ያለውን ዝቃጭም ይስባል። ከሩብ በታች አታውርዱ። ቤንዚን በሰልፍ በሚገኝበት ዘመን ይህን ማለት ቀልድ ይመስላል፣ ግን ፓምፑም በሰልፍ አይገኝም።

የቪትዝ ፊልትሮም እዚያው ከፓምፑ ጋር ታንኩ ውስጥ ነው፤ ከኋላ ወንበር ሥር በኩል ይወጣል። ይህን ለመካኒክ ተዉለት። አንድ ነገር ግን ቆማችሁ አሠሩት፦ ወንበሩ ከተነሳ በኋላ ክዳኑ ከመፈታቱ በፊት ዙሪያውን በመጥረጊያና በእርጥብ ጨርቅ ያጽዳው። የሞጣና የብቸና መንገድ አቧራ ለዓመታት የተከመረው እዚያ ላይ ነው። ሳይጠረግ ከተፈታ ሙሉ እፍኙ ታንኩ ውስጥ ይገባል። እንዲህ «ተጠግና» ከጋራዥ የወጣች፣ በሳምንቷ ተመልሳ የገባች መኪና አውቃለሁ።

ፊልትሮው ሞተሩ አካባቢ ወይም ከሥር በኩል ለብቻው የተሰቀለ ከሆነ ግን ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ኢንጀክተር ያለው መኪና ቱቦው ውስጥ ሦስት ባር ያህል ግፊት አለ፣ ዝም ብላችሁ ከፈታችሁት ቤንዚኑ ፊታችሁ ላይ ነው የሚረጨው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። የፓምፑን ፊውዝ ንቀሉና ሞተሩን አስነሱት፤ ትንሽ ሠርቶ በራሱ ይጠፋል፣ ግፊቱም ወረደ ማለት ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ከሥር ጨርቅ አድርጋችሁ ቱቦዎቹን ንቀሉ። አዲሱ ፊልትሮ ላይ ቀስት አለች፣ ቀስቷ ወደ ሞተሩ ትይ። የላላ ፋሸታ መልሳችሁ አትሰሩ፣ አዲስ ግዙ፣ ዋጋው ከማኪያቶ አይበልጥም። ከዚያ ባትሪውንና ፊውዙን መልሱ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ሦስት ጊዜ ከፈት ዘጋ አድርጉት፣ ወርዳችሁ የሚያንጠባጥብ ነገር እንዳለ እዩ። ካለ አታስነሱ።

ይህን ሁሉ ደጅ ላይ ሥሩት። ግቢው ውስጥ ቡና እየተፈላ ከሆነ ቡናው እስኪያልቅና ከሰሉ እስኪጠፋ ጠብቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ ራቅ ያለ ፍም ጋ መድረስ አያቅተውም።

ካርቡሬተር (በአሮጌ መኪኖች ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) ያላችሁ ወንድሞቼ ደግሞ የዓባይ በረሃ ጉዳይ የናንተ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ግድም ወርዶ መውጣት ነው፣ መውጫው ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ። ከሥር በረሃው ይጋግራል፣ ሞተሩ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል፣ ፓምፑና ቀጭኑ ቱቦ ይግላሉ፣ በዚህ መሀል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይፈላል። ፓምፕ ፈሳሽ እንጂ ተን መግፋት አይሆንለትም፣ መኪናው ይቆማል። ዓባይን ያልወጣ መኪናውን ያመሰግናል ማለት ይሄኔ ነው። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ። አየር ከማገ የኔ በሽታ ነው። ካልማገ ደግሞ ጨርቅ ውሃ አስነክራችሁ ፓምፑና ቱቦው ላይ ጣል አድርጉ፣ ሃያ ደቂቃ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ጨርቁ ሲደርቅ ደጋግማችሁ አርሱት። ከተነሳች ፓምፑ ደህና ነው፣ ማንም አያስገዛችሁ። ለወደፊቱ ግን በረሃውን በጠዋት ውረዱት።

ከፍታው ሌላም ሥራ አለው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፣ እንደተቃኘ ቤንዚን ያፈሳል። ካንዴላ ፈታችሁ ጫፉ እንደ ምጣድ ጥቀርሻ ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶባታል፤ ባሕር ዳር ላይ ደህና የነበረች መኪና ማርቆስ ስትወጣ የምትሰንፈውም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) እና የቤንዚንና የአየር ድብልቁን የሚያስተካክል ሰው አሳዩት፣ ግን የአየር ፊልትሮውን አራግፋችሁ ካያችሁ በኋላ።

ናፍጣ

ወንድሜ ቡሬ ላይ በርበሬና በቆሎ የሚጭንበት ናፍጣ ሃይሉክስ አለው። አንድ ቀን ፊልትሮውን ሲቀይር አሮጌውን በመጋዝ ከፈትነው፣ እንዲሁ ለማየት። ነጭ መሆን የነበረበት ወረቀት ጥቁር ጭቃ የተለወሰበት ነበር፤ ሥሩ ላይ ደግሞ ዝገት የመሰለ ውሃ፣ ግማሽ የቡና ሲኒ ያህል። ያን ሳይ ነው መኪናው ለምን ዳገት ላይ እንደሚያለከልክ የገባኝ።

የናፍጣ ጠላት ውሃ ነው። ናፍጣው ለፓምፑና ለኖዝሉ (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ለሚረጨው) ዘይታቸውም ጭምር ነው፣ የሚያለሰልሳቸው እሱ ነው፤ ውሃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋቃል፣ ይዝጋል። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ የሚጎዳውም ለዚሁ ነው፣ ቅጥነቱ ማለስለሱን ይቀንሰዋል። ውሃው ደግሞ ከማደያ ብቻ አይመጣም። እንጅባራ ወይም ማርቆስ ብርድ ላይ ታንኩ ግማሽ ሆኖ ሲያድር ውስጡ ያለው እርጥብ አየር ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛው ይወርዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ ጠዋት ከመቅዳት ማታ ቀድቶ ሞልቶ ማሳደር። የምትችሉ ከሆነ።

አብዛኛው ናፍጣ መኪና ፊልትሮው ሥር ውሃ ማውጫ ብሎን አለችው። ወንድሜ አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ያወጣል፣ ክረምት ላይ በየሳምንቱ። ሌሊት ሲያድር ውሃው ስለሚረጋ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ነው ጥሩው። ከሥር ጣሳ ያደርጋል፣ ብሎኗን ያላላል፣ ከላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን ያደርጋል፣ መጀመሪያ ውሃው ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ያጠብቃል። አምስት ደቂቃ። ዳሽቦርዱ ላይ የፊልትሮ ምልክት ያለው መብራት ከበራ ደግሞ «ቤት ስደርስ» አትበሉ፣ አቁማችሁ አውጡት።

ፊልትሮውን መቼ ትቀይራላችሁ? የመኪናው መመሪያ ቁጥር አለው፣ እሱ ጣሪያው ነው። ጀሪካን በሚነካ ነዳጅና በአቧራ ለምንነዳው ለኛ 10,000 ኪሎ ሜትር ላይ ይቀየር ባይ ነኝ። አዲሱን ፊልትሮ ስታስገቡ ከጀሪካን ናፍጣ ሞልታችሁ አትግጠሙት። ሁሉም ሰው እንዲህ ያደርጋል፣ ግን ያ ናፍጣ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ነው የሚሄደው። ባዶውን ግጠሙና በእጅ ፓምፑ ሙሉት። አየር ማስወጫ ብሎን ካለው እሷን አላልታችሁ ግፉ፤ መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ ቀጥሎ አረፋ የሌለው ናፍጣ። አሁን አጥብቁ። አየር ሳይወጣለት ሞተሪኖ እያዞሩ ባትሪ መግደል የናፍጣ ሾፌር የመጀመሪያ ኃጢአት ነው።

ጭሱንም እዩት። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይ አየር አንሷል፤ ኖዝል ከማስፈታታችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጡና ወደ ፀሐይ አዙራችሁ እዩ፣ ብርሃን ካላሳለፈ ያ ነው። ነጭ ሆኖ የናፍጣ ሽታ ካለው፣ በተለይ ጠዋት፣ ነዳጁ ሳይቃጠል እየወጣ ነው፤ ኖዝል ወይም ማሞቂያ ካንዴላ ይታይ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፣ እሱ ሌላ ወጪ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።

አዳዲሶቹ ናፍጣዎች ኮመን ሬል ናቸው፣ ናፍጣው በአንድ የጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት ተጠራቅሞ ለኢንጀክተሮቹ የሚከፋፈልባቸው። በነሱ ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን ቱቦ አትንኩ። ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ነው። ከቀጭን ቀዳዳ የሚወጣው ናፍጣ አይን ላይታየው ይችላል፣ ቆዳ ግን በስቶ ይገባል። የሚያፈስበትን በእጅ እየዳበሱ መፈለግ የለም። ከበሳችሁ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢመስልም ሆስፒታል ነው፣ በዚያው ሰዓት።

የቀሩት

በአፍ ነዳጅ መሳብ ተዉ። ሁላችንም አድርገነዋል፣ አውቃለሁ። ክፋቱ መዋጡ ብቻ አይደለም፣ ትን ብሎ ሳንባ ውስጥ መግባቱ ነው። የዋጠ ሰው ካለ አታስመልሱት፣ ወተትም አታጠጡት፣ ሲያስመልስ ነው ወደ ሳንባው የሚሄደው፤ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፓምፕ ገበያ ላይ አለ።

ናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን ከተቀዳባችሁ፣ ይህ የሚሆነው ደግሞ ስልክ ላይ ቴሌብር እየከፈላችሁ ሳታዩ ነው፣ ቁልፉን አትክፈቱ። ማስነሳት ብቻ አይደለም፣ መክፈቱ ራሱ በብዙ መኪና ፓምፑን ያንቀሳቅሰዋል። ገፍታችሁ ዳር አውጡት፣ ታንኩ ይራገፍ። ያ ሁሉ ነዳጅ ሲደፋ ሆድ ይበላል፣ ፓምፕ ከመግዛት ግን ይሻላል።

ኢንጀክተር ማጠቢያ ተብሎ ታንክ ውስጥ ስለሚጨመረው ጠርሙስ ትጠይቁኛላችሁ። ለጀመረ ቆሻሻ ይረዳ ይሆናል፣ ለተደፈነ ኢንጀክተር ግን ጸሎት ነው። በዚያ ብር ፊልትሮ ግዙ።

መኪናዬ ኮፈን ሥር በየወሩ አንዴ በባትሪ ብርሃን የጎማ ቱቦዎቹን አያለሁ። አጠፍ አጠፍ ሳደርጋቸው የተሰነጣጠቀ ካለ እቀይራለሁ። ቤንዚን የሚሸት መኪና «ለምዶበት ነው» አይባልም፣ የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።

ከኋላ ኮፈኔ ውስጥ አንድ ሜትር የቤንዚን ጎማ ቱቦ፣ አራት ፋሸታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አንድ ትርፍ ፊልትሮ፣ ያቺ ጠርሙስና ሁለት ሊትር ውሃ አለ። በፌስታል የተጠቀለለው አሮጌ ፓምፕም እዚያው ነው። ባለፈው ዓመት ዱርቤቴ ላይ የሌላ ሰው ዲኤክስ ላይ ገጥመን ሞከርነው። ይሠራል።